ገጹን ያልገለጠው አንባቢ

ቅዳሜ ኅዳር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም አንዲት ከተማ ውስጥ በሚገኝ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ተከበረ። ከሁለተኛ ክፍል የተመረጠ የስምንት ዓመት ልጅ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ከሕዝቡ ፊት ቆመና አንድ ምንባብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰማ። አራት ነጥብ ላይ ሲደርስ ያርፋል፤ ጥያቄ ምልክት ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቃል አይውጥም። ወላጆች አጨበጨቡ፤ ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። የክፍሉ መምህርት እኔ ነበርሁ። ልጁን የመረጥሁትም እኔ ነኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ሳቀርብ አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያ ምንባብ በአንድ ገጽ አያልቅም። ግማሹ በቀኙ ገጽ ግርጌ ላይ ይቆማል፤ ቀሪው ቅጠሉ ሲገለጥ ነው የሚገኘው። ልጁ ግን ቅጠሉን አልገለጠም። ሁለት እጆቹ መጽሐፉን እንደያዙ ነበሩ፤ ዓይኖቹም ከገጹ አልተነሡም፤ አፉ ግን በማያየው ገጽ ላይ ያለውን ይናገር ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ልጅ የአራት ወር ታሪክ ነው። የጻፍሁት በወቅቱ በየቀኑ ከያዝሁት ማስታወሻ ነው፤ እናቱም እንዲጻፍ ፈቅደዋል። የልጁን፣ የትምህርት ቤቱንና የከተማውን ስም አልጠቅስም። ስሞቹ ለነገሩ አያስፈልጉም፤ ነገሩ ግን በሌሎች ብዙ ክፍሎች ውስጥ እንዳለ አምናለሁና መምህራን እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ትምህርት ቤቱና አካባቢው

ጎጃም ውስጥ ካቶሊክ ጥቂት ነው። የባሕር ዳርና ደሴ ሀገረ ስብከት ራሱ የተቋቋመው በጥር 2007 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት አካባቢው በአዲስ አበባው ሀገረ ስብከት ሥር ነበር። በዚያ ዓመት በክፍሌ ከነበሩት 54 ሕፃናት መካከል የካቶሊክ ቤተሰብ ልጆች በአንድ እጅ ጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። የቀሩት አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ፣ ጥቂቶቹ ደግሞ የሙስሊም ልጆች ናቸው። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እኛ የሚልኩት ሃይማኖቱን ፈልገው አይደለም። ሙሉ ቀን ስለምናስተምር፣ ክፍያው በከተማው ካሉት ሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ስለሚያንስ፣ መምህር ሲቀርም ክፍሉ ባዶውን ስለማይውል ነው።

በክፍል ውስጥ የሃይማኖት ትምህርት አይሰጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከማናቸውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል፤ የምናስተምረውም መንግሥት ያወጣውን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ልጅ በልቡ እንደ እምነቱ የሚጸልይበት አንድ ደቂቃ ጸጥታ አለ። ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃው ሲከፈት ግቢው ሽሮ ሽሮ ይሸታል። ሲስተሮቹም፣ የካቶሊክ መነኮሳዪያቱ፣ ይጾማሉ። ለብዙ ወላጆች እንግዳ የሚሆንባቸው ይህ ነው፤ የግእዝ ሥርዓት የሚከተሉ ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች ገናን ታኅሣሥ 29 ቀን፣ ጥምቀትን ጥር 11 ቀን እንደሚያከብሩ፣ ቅዳሴያቸውም በግእዝ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ቢሆንም ጥርጣሬው ሥር የሰደደ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው፣ ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ ስፔናዊ ካህን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሰከላ ወጥቶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቷል። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጡ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላም በ1632 ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀዱ። ነገሩ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን በየዓመቱ የምዝገባ ቀን «ልጄን እንዳትለውጡብኝ» የሚል ቃል እሰማለሁ። ወላጆችን አልወቅስም፤ የሰሙትን ነው የሚፈሩት። ይህን የማነሣው የልጁ ጉዳይ የተፈታው በዚሁ ፍርሃት ደጃፍ ላይ ስለሆነ ነው።

ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጁን ለብቻው ጠራሁትና ያንኑ ምንባብ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። አነበበ፤ እንደ ቅዳሜው ነው። ከዚያ ጣቴን ሦስተኛው መስመር መካከል ላይ አሳረፍሁና «ከዚህ ጀምር» አልሁት። መጀመሪያ ሥዕሉን አየ። ቀጥሎ ከንፈሮቹ ያለ ድምፅ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከምንባቡ ራስ ተነሥቶ ወደ ጣቴ እየወረደ ነበር። ጣቴ ያለበትን ቃል ግን አላወቀውም፤ አልፎት ሄደ። ሁለት ቃል ርቆ ድምፁን አወጣ።

በማግስቱ ከካርቶን ትንንሽ ካርዶች ቆርጬ በየአንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍሁ። አማርኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ሏ» ያሉት ዲቃሎች ሳይቈጠሩ ነው። ከነዚህ 60 መርጬ አደባልቄ አሳየሁት። 21 አወቀ። ከመማሪያ መጽሐፉ የወሰድኋቸውን 20 ቃላት ከምንባብ ውጭ ለየብቻቸው ሳሳየው አራቱን ለየ፦ የራሱን ስም፣ የእኅቱን ስም፣ «ኢትዮጵያ»ን እና «አባባ»ን። በመጽሐፉ ውስጥ ከሌሉ አሥር ቀላል ቃላት ደግሞ አንዱንም አላነበበም።

ቀጥሎ አንድ ተረት እኔ አነበብሁለትና ስለ ተረቱ ጠየቅሁት። ሁሉንም መለሰ። ድገመው ስለው ከነ ቅላጼዬ ደገመው። ሀሁንም ቢሆን ገበታውን ሳያይ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደዋል። እንግዲህ ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ጆሮው ችግር የለበትም፤ ነገር ይገባዋል። በጆሮው የገባ ነገር አይወጣም። እንዲያውም ያሰናከለው ይህ ስጦታው ነው፤ ሌላው ልጅ በዓይኑ የሚደክምበትን እርሱ በጆሮው ጨርሶ ይጠብቀው ነበር።

እንዴት እስከ ሁለተኛ ክፍል ደረሰ? ይህን ለራሴ ስመልስ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ንባብ የማስተምረው ከኋላዬ በማስደገም ነበር። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፤ 54 ልጆች በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። አንድ ምንባብ በሳምንት ሃያና ሠላሳ ጊዜ ይባላል። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማን መጽሐፉን እንዳየ፣ ማን የጓደኛውን አፍ እንዳየ መለየት አይቻልም። ማታ ደግሞ አምስተኛ ክፍል የምትማር እኅቱ የቤት ሥራውን አብራው ትሠራለች፤ እርሷ ታነባለች፣ እርሱ ይደግማል። ፈተና ሲመጣ ምንባቡ ከመጽሐፉ ነው፤ ጥያቄውንም ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔው ነኝ። የአንደኛ ክፍል የአማርኛ ውጤቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይላል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ያን ጊዜ ዝውውሩ ነፃ፣ ማለትም በውጤት የሚወድቅ የሌለበት፣ ስለነበረ ማንም የሚያስቆመው አልነበረም። እያንዳንዱ ነገር ብቻውን ሲታይ ጥፋት አይመስልም። አንድ ላይ ግን ልጁን ያነብባል ብለን እንድናጨበጭብለት አደረጉን።

የቀሩትን 53 ልጆችም በዚያው ሳምንት በካርዶቹ ፈተንኋቸው። ዘጠኙ እንደ እርሱ ባይሆኑም በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ። ጮክ ብለው ስለማያነቡ ብቻ ነው ትኩረቴን ሳይስቡ የቆዩት።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሳቀርብ አንድ ባልደረባዬ ወደ አንደኛ ክፍል ይመለስ አሉ። እኔም ተስማምቼ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ ሲስተር ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፦ «አንደኛ ክፍል ሲመለስ በምን ዘዴ ነው የምታስተምሩት?» መልስ አልነበረንም። በዚያው ዘዴ ነበራ።

የኔታ በር ላይ

እናቱ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች የሚያስረክቡ ሴት ናቸው። ጠርቼ ስነግራቸው ፊታቸው ከሰል መሰለ። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም» አሉኝ፤ «ማታ ማታ ሲያነብልኝ አንድ ቀን እንኳ መጽሐፉን አይቼ አላውቅም። የማየው ፊቱን ነው።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «አባቴን ላምጣቸው? እርሳቸው ያውቃሉ» አሉ።

አባታቸው ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ገጠር ለብዙ ዓመት ንባብ ያስተማሩ የኔታ ናቸው። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ከእርሳቸው ዘንድ ፊደል ጀምሮ ነበር። ወራት ብቻ እንደቆየ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ገባና ትምህርቱ ተቋረጠ። ይህን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው፤ በምዝገባ ቅጻችን ላይ «ከዚህ በፊት የት ተማረ?» የሚል ቦታ አለ፤ ቄስ ትምህርት ቤት ግን ማንም እንደ ትምህርት ቤት አይሞላውም። ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ባሉባቸው በዋሸራ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ አገር ይህ እንዴት እንደሆነ አሁንም ይገርመኛል።

የኔታ በነቢያት ጾም ወቅት አንድ ማለዳ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ዘበኛው «ይግቡ አባቴ» ቢላቸው «እዚሁ ይበቃኛል» ብለው ከበሩ ውጭ ካለው ዋንዛ ሥር ቆሙ። ለምን እንዳልገቡ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ሲስተር ይህን ሲሰሙ ከቢሮ አግዳሚ ወንበር አስይዘው ራሳቸው ወደ በሩ ወጡ፤ እጅ ነሥተው አስቀመጧቸውና ከጎናቸው ተቀመጡ።

የኔታ የልጁን ነገር ገና ሳያነሡ «እማሆይ፣ ቅዳሴያችሁ በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። «በግእዝ ነው አባ» አሉ ሲስተር። «እስቲ አቡነ ዘበሰማያትን ይበሉልኝ።» ሲስተር ከልጅነታቸው ጀምሮ በግእዝ ሥርዓት ያደጉ ናቸው፤ ሳያመነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱት። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና «ተነሹንና ወዳቂውን ያውቁታል» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በንባብ መምህር አፍ ይህ ትልቅ ምስክርነት መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉትን የግእዝ አነባበብ ዓይነቶች ሳይለይ አንድ ተማሪ አነበበ አይባልም።

ከዚያ ልጁን ጠሩት። የፊደል ገበታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ስንደዶ አወጡ። ሀሁን ወደ ጎን አስባሉት፤ ፈሰሰ። ቁልቁል አስባሉት፤ ሁለት ሦስት ቦታ ተያዘ። ከታች ወደ ላይ ሲሉት ቆመ። በመጨረሻ አቡጊዳውን አመለከቱት። «አ» አለ፤ «ቡ» አለ፤ «ጊ» ላይ ሲደርስ የእርሳቸውን ፊት ያይ ጀመር። ስንደዶውን ሰበሰቡት።

«አቡጊዳ ሳይቈጥር ነው የወጣው» አሉ። ቀጥለው የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «ቃል የማታ ነው፤ ንባብ የቀን ነው። እናንተ ሁለቱን ቀላቀላችሁበት።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማብራራት አለብኝ፤ የጉዳዩ ልብ ይህ ነውና። በቄስ ትምህርት ቤት ሁለት ትምህርቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የቃል ትምህርት የሚባለው ጸሎቱ ነው፤ ማታ መጽሐፍ ሳይታይ የኔታ እያሉ ተማሪው እየተቀበለ በቃሉ ይይዛል። ንባብ ደግሞ ቀን፣ በብርሃን፣ መጽሐፍ ተዘርግቶ፣ ስንደዶው እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይሄዳል። ሁለቱ በሰዓት ተለይተዋል። ሕፃን በቃሉ መያዝ እንደሚቀናው የጥንት መምህራን ያውቃሉ፤ ለዚያም ነው ሀሁን በዜማ ካስያዙ በኋላ ዜማውን የሚሰብሩት። አቡጊዳ ሌላ ፊደል አይደለም። ያው ፊደል ነው፤ ግን «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብሎ ሆሄውንም ድምፁንም በአንድ ጊዜ ይለዋውጠዋል። ሀሁን እንደ ዘፈን የያዘ ልጅ እዚህ ሲደርስ ዘፈኑ አይረዳውም፤ ወይ ፊደሉን ያውቃል ወይ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ የሚሻገረው፤ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተባለ።

እኔ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ፊደል ገበታ ላይ አቡጊዳን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ለምን እንደተዘጋጀ ግን ያን ቀን ከበር ውጭ እስክሰማ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ገበታው በክፍሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

አሥራ አንድ ሳምንት

ከጥምቀት በኋላ ሰኞ ጥር 13 ቀን ጀመርን። በሳምንት አምስት ቀን፣ ከምሳ በፊት 25 ደቂቃ፣ ከእኔ ጋር። ቅዳሜ ቅዳሜ የኔታ ወደ ልጃቸው ቤት ወርደው ያስቈጥሩታል። የኔታ ከትምህርት ቤቱ በር ወደ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በየካቲት ነው። ዘነበና ሲስተር ጃንጥላ ይዘው ሲወጡ ተከትለዋቸው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከበር ውጭ አልቆሙም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ልጁ አለቀሰ። ማታ ለእናቱ ማንበቡን ተወ። የክፍል ጓደኞቹ በወላጆች ቀን የተጨበጨበለት ልጅ «ቡ»ን እና «ሱ»ን ሲያሳስት አይተው ሳቁ። የሠራሁት ነገር ትክክል መሆኑን የተጠራጠርሁበት ጊዜ ይህ ነው፤ ልጁ የነበረውን አንድ ክብር ወስጄበታለሁ፤ በምትኩ የሰጠሁት ነገር የለም። መውጫውን ያገኙት ሲስተር ናቸው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ልጁ መጽሐፍ ሳይዝ በቃሉ ተረት እንዲናገር አደረጉ። ተረቱን ከአያቱ ይሰማል፤ ማክሰኞ በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ያወራዋል። የኔታ የለዩትን እኛም ለየነው። ቃሉ በቃልነቱ ክብሩን አገኘ፤ ንባቡም ሳይሸፈን ብቻውን ወጣ።

ፊደሎቹ ሁሉ እኩል አያስቸግሩም። ካዕብ (ሁለተኛው ድምፅ፣ እንደ «ቡ») ብዙ ጊዜ በቀኝ ጎኑ ጭረት ያወጣል፤ ሣልስ (ሦስተኛው፣ «ቢ») ጭረቱ ከእግሩ ግርጌ ነው፤ ኃምስ (አምስተኛው፣ «ቤ») እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ልጁ ይህን ሥርዓት በሁለተኛው ሳምንት ያዘው፤ እንዲያውም የማያውቀውን ሆሄ ካዕብ ከቅርጹ ይገምት ጀመር። ሳድስና ሳብዕ (ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ «ብ» እና «ቦ») ግን ሥርዓት የላቸውም። ሳድስ በየሆሄው ቅርጹ ይለያያል፤ በዚያ ላይ አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል፣ አንዳንዴ ተናባቢ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። ልጁ በየደብተሩ ሽፋን ላይ በየቀኑ የሚያየውን «ትምህርት» የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርሁ፤ «በሬ»፣ «ላሜ»፣ «ጤፉ»፣ «ቆሎ» ከሚሉ ቃላት ጀምሬ ሳድስን አንድ አንድ እያልሁ ጨመርሁ።

ሌላው ያስጨነቀኝ ማጥበቅና ማላላት ነው። ጽሑፋችን አያሳየውም። «አለ» የሚለው ጽሑፍ ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። ፊደል መለየት ብቻውን እዚህ አያደርስም፤ አንባቢው ትርጉሙን እየተከተለ ራሱ መወሰን አለበት። የልጁ ጆሮ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን በላላ ድምፅ ያወጣዋል፤ ካልጣመው መልሶ ያጠብቀዋል።

በአራተኛው ሳምንት ከ60ዎቹ ካርዶች 38 ለየ። በስምንተኛው 55። በአሥራ አንደኛው 58፤ «ኘ»ን ከ«ነ» እና «ጨ»ን ከ«ጠ» አልፎ አልፎ እያደባለቀ። ከመጽሐፉ ውጭ ከሆኑ አሥር አዲስ ቃላት ሰባቱን አነበበ። ንባቡ ቀርፋፋ ነበር፤ ኅዳር ላይ ካጨበጨብንለት ጋር ሲተያይ የሚያሳዝን ይመስላል። እናቱ አንድ ማታ ተቀምጠው ሲሰሙት «ድሮ ይሻል ነበር» ብለውኛል። ከዚያ መጽሐፉን ከእጁ ወስደው አንዱን ቃል በጣታቸው ሸፈኑና ቀጥሎ ያለውን አስነበቡት፤ አነበበ። ይህን ማንም አላስተማራቸውም።

ውጤቱ ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት መለየት አልችልም። ልጁ በየቀኑ ለብቻው መምህር አግኝቷል፤ አያቱ ነበሩ፤ ዕድሜውም ጨምሯል። አንድ ልጅ ነው፤ የሚነጻጸርበት ሌላ ልጅ አላቆምሁም። ጽሕፈቱ ደካማ ሆኖ ቀርቷል፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንኳ «ትምህርት»ን «ትምርት» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ እንደሚሰማው ማለት ነው። ከዘጠኙ ሌሎች ልጆች ሁለቱ ከተማውን ለቀው ሄዱ፤ አምስቱ እስከ ሰኔ ድረስ ከክፍሉ ጋር ተስተካከሉ፤ ሁለቱ አልተስተካከሉም። ለሁለቱ ያጠፋሁት ጊዜ ለእርሱ ካጠፋሁት በጣም ያነሰ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

በክፍሌ ውስጥ የለወጥሁት ብዙ አይደለም። በጋራ ማስደገሙን አልተውሁም፤ ሕፃናት ይወዱታል፣ ዓይን አፋሩንም ያበረታታል። ግን ምንባቡ በቃል ሊያዝ ሲል ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው እናነባለን። ሥዕሉን በወረቀት እንሸፍናለን። ዓርብ ዓርብ አቡጊዳ እንቈጥራለን፤ የሙስሊሞቹም ልጆች፣ የካቶሊኮቹም ልጆች፣ ሁሉም። ፈተና ላይ ቢያንስ አንዱ ምንባብ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ነው። በምዝገባ ቅጹ ላይም ሲስተር «ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ተምሮ ከሆነ እስከ የት ደረሰ?» የሚል መስመር አስጨመሩ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እስኪዘጉ ድረስ ይህ ሳይቋረጥ ቀጥሏል።

ከማስታወሻዬ አንድ ቀን ቀርቷል፤ ዓርብ መጋቢት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ለዚያ ቀን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በካርቶን ላይ ጽፌ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «ገና አልመጣም።» ይላል። ስጽፈው ምንም አላሰብሁበትም።

ልጁ ካርቶኑን ተቀበለ። «ገ… ና» አለ፣ ላላ አድርጎ። ቆመ። እንደገና አለው፣ አሁን አጥብቆ። ሁለቱንም በየተራ ደጋግሞ ሞከራቸው፤ ሁለቱም ጣሙት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ቲቸር፣ ያልመጣው በዓሉ ነው ወይስ ሰውዬው?»

ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ ካርቶኑን ገለበጠው፤ ቀሪው ከጀርባው ተጽፎ እንደሆነ ሊያይ።